ስለ አፍ ቁስልና ስለ ጓሮ መድኃኒት፦ የካንሰር ሕክምናን ለሚመሩና ለሚሰጡ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ጤና ሚኒስቴር
ለ፦ የካንሰር ሕክምና ለሚሰጡ ሆስፒታሎች በሙሉ
ግልባጭ፦ ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ በካንሰር ሕክምና ወቅት ስለሚወጣ የአፍ ቁስልና በቤት ስለሚደረጉ የዕፅዋት መድኃኒቶች ለታካሚዎች ግልጽ ምክር እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በጡት ካንሰር ምክንያት ኬሞቴራፒ የወሰደች እናቴን ያስታመምኩ ልጅ ነኝ። የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ በቤታችን የደረሰው ነገር ስለ አፍ ቁስል አጥብቄ እንዳነብና ያገኘሁትን ባለሙያ ሁሉ እንድጠይቅ አድርጎኛል። የታካሚ አፍ ሲቆስል ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጓሮው ነው፤ በሕክምና ክፍሎች ግን ስለ ጓሮው ቅጠል የሚነገረን ነገር የለም፣ ከተነገረንም አንዲት የክልከላ ቃል ናት። እኔ የምለምናችሁ ይህ እንዲለወጥ ነው።

እናቴ በወሰደችው መድኃኒት ውስጥ ታካሚዎች «ቀዩ» የሚሉት ዶክሶሩቢሲን ነበረበት። የሰጠቻት ነርስ ሽንቷ ለአንድ ለሁለት ቀን ሊቀላ እንደሚችል፣ ጸጉሯ እንደሚረግፍ፣ ማቅለሽለሽም እንደሚኖር በትዕግሥት ነገረችን፤ ስለ አፍ ግን የተነገረን ነገር አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት እናቴ አንድ ጉርሻ እንጀራ አፏ ውስጥ አድርጋ ማኘኳን አቆመች። አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም፤ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ዝም ብላ ተቀመጠች። በስልኬ መብራት ሳየው የታችኛው ከንፈሯ ውስጡ ተልጦ ደም መስሏል፤ የምላሷ ግራና ቀኝ ጠርዝም የፈላ ነገር የነካው ይመስል ነበር። ለወትሮው የማናስተውለው የእንጀራ ኮምጣጣነት በተላጠ አፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያን ዕለት አየሁ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ እናት መጥተው አዩና «ይሄማ ምች ነው፣ ፀሐይ መትቷት ነው» አሉ። በአገራችን ከንፈርና አፍ ቆስሎ ትኩሳት ከተከተለ ስሙ ምች፣ መድኃኒቱም ዳማከሴ እንደሆነ የማያውቅ የለምና ማናችንም አልተጠራጠርንም። ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ጭማቂው በቡና ተሰጣት። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አንድ ላይ ተወቅጦ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ መከሩ። የወቀጥኩት እኔ ነኝ፤ በጥጥ ነክሬ ምላሷ ላይ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። እናቴ ሕመም ሲበዛባት የምትጮህ ሰው አይደለችም፤ እጄን አንጓው ላይ ጨብጣ ይዛ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እኔም መድኃኒቱ እየሠራ መሰለኝ።

በማግስቱ ማታ ትኩሳት ጀመራት። ትኩሳቱ የበለጠ አረጋጋን ብል አላጋነንኩም፤ ምች መሆኑን ያረጋገጠልን መሰለን። ጋቢ ደራርበን አለበስናት፣ ዳማከሴውን አፍልተን አጠንናት፣ ሁለት ሌሊት እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንቀጥቀጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ደሟ ሲመረመር ነጭ የደም ሕዋሷ ከሚገባው እጅግ ወርዶ ተገኘ፤ ወዲያው ተኝታ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ተጀመረላት። ሐኪሙ «ትኩሳቱ መቼ ጀመራት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከትናንት ወዲያ ማታ መሆኑን ነገርኩት፤ «በቤት የሰጣችኋት ነገር አለ?» ሲለኝ ግን «ምንም» አልኩ። ዋሸሁ። የዋሸሁበትም ምክንያት ነበረኝ፤ በመጀመሪያው ቀን በመጠበቂያው ቦታ አንዲት ታካሚ ቅጠል እንደምትጠጣ ስትናገር «ቅጠላ ቅጠል ከጀመርሽ ወደ እኛ አትምጪ» ስትባል በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። እናቴ ድና ተርፋለች፤ ስለዚህም ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ነገር ግን ያን ዕለት እውነቱን ብናገር ይቆጡኛል ብዬ እንድፈራ ያደረገኝ ነገር ዛሬም በብዙ ቤተሰቦች ላይ አለ።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል፤ የአፍ ውስጠኛ ልባስም በየጊዜው የሚታደስ በመሆኑ ካንሰሩ ላይ የተወረወረው መድኃኒት እርሱንም ያገኘዋል። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተወሰደ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምርና በሁለት በሦስት ሳምንት ይሽራል። በተለመደው የኬሞቴራፒ መጠን ከ100 ታካሚዎች ከ20 እስከ 40 የሚሆኑትን ያጋጥማል፤ በራስና በአንገት ላይ የጨረር ሕክምና የሚወስዱት ግን ይብዛም ይነስ ሁሉም ማለት ይቻላል ያገኛቸዋል፣ ጨረሩ ካበቃ በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ አፍ የሚቆስልበትና ነጭ የደም ሕዋስ የሚያንስበት ጊዜ ይገጣጠማል። የተላጠው አፍ ለተሕዋስያን የተከፈተ በር ይሆናል፣ ሰውነት ደግሞ በዚያው ሰሞን የሚከላከልበት አቅም የለውም። ስለዚህ በኬሞ ላይ ያለ ሰው አፉ ቆስሎ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሌላው ሰው ምች በሚለው ስም የሚጠራው ነገር ለእርሱ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያለበት አደጋ ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር «ምች» በሚለው ቃል ጭምር አስቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ሁለቱን ሌሊት ጋቢ ስንደራርብ አናሳልፍም ነበር። ቁስሉን በሕክምና ስሙ «የአፍ ልባስ ብግነት» የሚል ወረቀት ቢሰጠንም ኖሮ አይጠቅመንም፤ እኛ የምናውቀው ምችን ነውና።

ስለ ዕፅዋቱ ልናገር። «ቅጠል ነው፣ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ለብዙ ሕፃናት የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የማዳጋስካር አበባ ከሆነች ተክል የወጣ ነው፣ ሌላው የካንሰር መድኃኒት ፓክሊታክሰልም መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ዕፅ ካንሰርን የሚገድል ኃይል ካለው የሚጎዳም ኃይል ይኖረዋል። በዚያው ልክ «ቅጠል ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለውም እውነት አይደለም፤ አንዳንዱ ተመርምሮ የሚረባ ሆኖ ተገኝቷል፣ አንዳንዱ ተመርምሮ አልረባም፣ ብዙው ገና በወጉ አልተመረመረም። ታካሚ ሊነገረው የሚገባው ይህ ልዩነት ነው።

ከሁሉ በላይ የተጠናው ማር ነው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በማሌዥያ የራስና የአንገት ካንሰር ያለባቸውና ጨረር የሚወስዱ 40 ሰዎች ላይ በታተመ ጥናት፣ ግማሾቹ ከጨረሩ 15 ደቂቃ በፊት፣ ከጨረሩ 15 ደቂቃ በኋላና ጨረሩ ከተሰጠ 6 ሰዓታት በኋላ 20 ሚሊ ሊትር ማር በአፋቸው እያንከባለሉ ቀስ ብለው እንዲውጡ ተደረገ፤ ከባድ ቁስል የወጣባቸው ማር ካልወሰዱት ከመቶ 75፣ ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 20 ሆነው ተገኙ። በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር በ131 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት ማኑካ የሚባለውን የኒው ዚላንድ ማር ከተራ የስኳር ሽሮፕ ጋር አነጻጽሮ ልዩነት አላገኘም። በካንሰር ደጋፊ ሕክምና ላይ የሚሠራው የብዙ አገሮች ባለሙያዎች ማኅበር እነዚህንና ሌሎቹን ጥናቶች መዝኖ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ለራስና ለአንገት ጨረር ታካሚዎች ማርን እንደ መከላከያ ሐሳብ አቅርቧል። ይህ የሚመለከተው እነርሱን ነው፤ እንደ እናቴ ኬሞ ብቻ የሚወስደውን አይደለም። ጥንቃቄም አለው። ጨረር ምራቅን ስለሚያደርቅ ጣፋጭ ነገር ጥርስን ፈጥኖ ያበላሻል፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ራሱን የቻለ ምክር ያስፈልገዋል፤ ነጭ የደም ሕዋሱ በወረደበት ሰሞን ያልተጣራ ማር መውሰድ ያለበት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር በጭራሽ አይሰጥም። ከገበያ የሚገዛው ማር ስኳር የተደባለቀበት ሊሆን መቻሉን እንኳን ታካሚ፣ የጠጅ ጣይም ያውቃል።

እንደ ሻይ የሚፈላው የካሞሚል አበባም ተሞክሯል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በታተመና ፍሎሮዩራሲል የተባለውን የኬሞ መድኃኒት በሚወስዱ 164 ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት የካሞሚል መጉመጥመጫ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ፈሳሽ የተለየ ጥቅም አላሳየም። እርድንና እሬትን በተመለከተ ተስፋ የሚሰጡ ትናንሽ ጥናቶች አሉ፣ ያው መመሪያ ግን ምክር ለመስጠት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘባቸውም። በእሬት ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ከቅጠሉ መካከል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግና ከቅርፊቱ ሥር የሚወርደው ቢጫና መራራ ወተት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢጫው ሆድ ያስቀምጣል፤ በኬሞ ምክንያት አስቀድሞ ተቅማጥ ላለበት ሰው ውኃውን ይጨርስበታል። በቤት ሲዘጋጅ ሁለቱን የሚለይ ሰው ብዙ አይደለም።

እኛ ያደረግነው ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነበር። ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ጤነኛ ቆዳ ላይ እንኳ ቢቆይ ያቃጥላል፤ ሎሚ አሲድ ነው፤ ጤና አዳም ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ እስከመቋጠር የሚያደርስ ንጥረ ነገር አለው። ፌጦም፣ ሚጥሚጣም፣ ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት አረቄም በዚሁ የሚመደቡ ናቸው። በየሰፈሩ «ቁስሉን ያደርቀዋል» እየተባለ የሚሰጠው አብዛኛው ነገር የሚያቃጥል ነገር ነው፤ ማቃጠሉም እንደ መድኃኒትነቱ ምልክት ይቆጠራል። እኔ የእናቴን እንባ ያየሁት በዚህ ዓይን ነበር። የሚጠጡትም ቢሆኑ ከሕክምናው ጋር የሚጋጩ አሉባቸው፤ ነጭ ሽንኩርት እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወሰድ የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላል፣ በኬሞ የደም አርጊ ሕዋሱ ለቀነሰበት ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከወጥ ቤታችን የሚረዳ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ እናቴን ያበላኋት የተልባ ውኃ ነበር፤ ተልባውን ሳልቆላ አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ አቀዝቅዤ። እየተዝለገለገ አፏን አልፎ ሲወርድ ፊቷ አይጨማደድም ነበር። የተነከረ አብሽ፣ ቀጭን የአጃ አጥሚት፣ በርበሬ የሌለው ገንፎ፣ ለብ ያለ የአልጫ መረቅ ሁሉ እንዲሁ ያለ ሥቃይ ይወርዱላት ነበር። ቁስሉን ያሽራሉ አልልም፤ ሰውየው ሳይራብና ውኃ ሳይጠማ ቁስሉ በራሱ ጊዜ እስኪሽር ያደርሱታል፣ ያም ትልቅ ነገር ነው። ተልባና አብሽ የሚዋጥ መድኃኒት በአንጀት እንዳይሰርግ ሊያዘገዩት ስለሚችሉ ከክኒን ጋር አለመውሰድ እንደሚሻል የነገረችኝ አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ ጠይቄያት እንጂ ማንም ነግሮኝ አይደለም።

ከሁሉ የረከሰውን መጉመጥመጫም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በየአራት ሰዓቱ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው። ሱቅ ስትሄዱ ግን የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለኬክ የሚሆነው ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ እርሱ አሲድ የተቀላቀለበት በመሆኑ ለዚህ አይሆንም፣ እኔም መጀመሪያ የገዛሁት እርሱኑ ነበር። የወይራ መፋቂያዋንም ለጊዜው አስቀምጣ በለስላሳ ብሩሽ መተካት ነበረባት። ፍሎሮዩራሲልን በአንድ ጊዜ በደም ሥር በግፊት ለሚወስዱ ሰዎች ደግሞ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ግማሽ ሰዓት በረዶ በአፍ መያዝ ቁስሉን እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል፤ በረዶው የአፍን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ወደ ልባሱ የሚደርሰው መድኃኒት ያንሳል። ኦክሳሊፕላቲን የተባለ ሌላ የኬሞ መድኃኒት አብሮ ለሚሰጠው ሰው ግን ቅዝቃዜ ራሱ ሕመም ስለሚቀሰቅስበት ይህ አይደረግለትም። እንዲህ ያለውን ልዩነት ከጎረቤት ልንሰማው አንችልም፤ ከእናንተ ብቻ ነው የምንሰማው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። የመጀመሪያው ኬሞ ወይም የመጀመሪያው ጨረር ከመሰጠቱ በፊት ለእያንዳንዱ ታካሚና ለአስታማሚው አንድ ገጽ ጽሑፍ ይሰጠው፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና ታካሚዎቹ በሚናገሯቸው ሌሎች ቋንቋዎችም ይሁን፤ ማንበብ ለማይችለውም በቃል ይነበብለት። በገጹ ላይ ዕፅዋቱ ሕዝቡ በሚያውቃቸው ስም ይጠሩ፤ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እሬት፣ ማር እየተባለ ስለ እያንዳንዱ የሚታወቀው ይጻፍ፣ የማይታወቀውም አይታወቅም ተብሎ ይጻፍ። ምች የሚለው ቃል ከ38 ዲግሪ ጋር አንድ መስመር ላይ ይቀመጥ፣ ከጎኑም በሌሊት የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ይኑር። ቴርሞሜትር በየቤቱ ስለሌለም፣ ለኬሞ ታካሚ ከሚታዘዙት ነገሮች እንደ አንዱ እንዲታዘዝ ይደረግ።

ሁለተኛው ልመናዬ ለሐኪሞችና ለነርሶች ነው። የወረፋውን ርዝመት በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንድ ሐኪም በአንድ ቀን ስንት ሰው እንደሚያይም አውቃለሁ፤ ቢሆንም በየዙሩ «አፍዎን ያሳዩኝ» እና «በቤት ምን እየወሰዱ ነው?» ለሚሉት ሁለት ቃላት ጊዜ ይገኝላቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ሲጠየቅ ድምፁ የምርመራ እንዳይሆን እለምናለሁ። የጠየቀኝ ሐኪም «ብዙ ሰው ዳማከሴ ይሰጣል፣ እናንተስ?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ አልዋሸውም ነበር። በምላስ ላይ እንደ አይብ የሚጋገር ነጭ ነገር ሲታይ የፈንገስ ሊሆን እንደሚችልና ለእርሱም መድኃኒት እንዳለው፣ ውኃ መዋጥ ያቃተው ሰው ሳይዘገይ መምጣት እንዳለበት፣ ሕመሙ ከበረታም የሚያስታግስ መድኃኒት መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ እግረ መንገዱን ይነገረው። እናቶቻችን ሕመምን መቻልን እንደ ጨዋነት ስለሚቆጥሩት ካልተጠየቁ አይናገሩም።

የሕክምና ምርምር ለሚያካሂደው ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ግልባጭ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት። ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረው የጨረር ሕክምናም ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ተጀምሯል፤ ጅማና አካባቢዋ ደግሞ የማር አገር ናቸው። ማሌዥያ በራሷ ማር የሞከረችውን እኛ በራሳችን የጫካ ማር፣ ንጽሕናው ተመርምሮና በቂ ታካሚ ተሳትፎበት ለምን እንደማንሞክረው አልገባኝም። ዳማከሴም ቢሆን ስሙን ጠርቶ ከመከልከል ይልቅ በኬሞ ላይ ላለ ሰው ይጠቅም ይጎዳ እንደሆነ ተመርምሮ ቢነገረን፣ ለጎረቤቶቼ የምሰጠው መልስ ይኖረኝ ነበር። እነዚያ እናቶች ክፉ አልመከሩኝም፤ ከእናቶቻቸው የተቀበሉትን ነው ይዘው የመጡት፣ እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜም ቤቴን የጠበቁልኝ እነርሱ ናቸው።

እናቴ የቀሩትን ዙሮች ጨርሳለች። ከሁለተኛው ኬሞ በፊት ለዚያው ሐኪም እውነቱን ነገርኩት፤ አልተቆጣኝም፣ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ ምን ምን እንደነበረበት አንድ በአንድ ጠየቀኝና በካርዷ ላይ ጻፈው። አፏ ከዚያ በኋላም ቆስሎ ነበር፤ ግን የት እንደምንደውል እናውቅ ነበር፣ የምንደብቀውም ነገር አልነበረንም። የምጠይቀው ገጽ ሲዘጋጅ ቃላቱ ለቤተሰብ የሚገቡ መሆን አለመሆናቸውን ማንበብና መፃፍ ለማይችሉ ጎረቤቶቼ እያነበብኩ ለመፈተን ዝግጁ ነኝ፤ መጀመሪያ የማነብላቸውም ምች ነው ላሉት እናት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት ታካሚ ልጅ
አዲስ አበባ